እትዬ ይርገዱ ኮሚቴውን የጋበዘችበት ቀን

እትዬ ይርገዱ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ከርሜ ስመለስ፣ የመጋዘኑ ሚዛን ላይ የሚሠሩት አያ ቢያድግልኝ በሩ ላይ ጠበቁኝና፣ "ልጄ፣ ካቦሽ የለችም" አሉኝ።

"ወዴት ሄደች?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ሳል ጠንቶባት ነበር። ድብ ባሕር ወስደን ከአባቷ ጎን ቀበርናት።"

ተናደድኩ። ሌላ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው እንዴት እኔ ሳልኖር ይሞታል? እንዴትስ አንድ ሰው አይልክብኝም? ይህን ሁሉ እዚያው በር ላይ አያ ቢያድግልኝ ላይ ጮህኩባቸው። እሳቸው አስጨርሰው ሰሙኝ፤ እያለቀስኩ መሆኔንም ከኔ በፊት ያዩት እሳቸው ናቸው።

"አይ ልጄ፣" አሉ፣ "ይርገዱ ብትሰማሽ ምስር ትፈነጥርብሽ ነበር።"

እውነታቸውን ነው።

ለማያውቋት ልንገራችሁ። እዚህ ጎንደር አንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን አለ። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከድብ ባሕር በማኪና ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ይመጣል። ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጠሩን ሲለቅሙ ይውላሉ። ለቃሚዎች ነው የሚባሉት። እትዬ ይርገዱ የለቃሚዎቹ ካቦ ነበረች። ካቦ ማለት ደግሞ ያው እንደነሱ ለቃሚ ነው፤ ልዩነቱ ከላይ ሲጮህበት ይውላል፣ እሱ ደግሞ ወደታች ሲጮህ ይውላል።

እኔ አዲስ አበባ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ወደ ተወለድኩበት ከተማ የተመደብኩ ነኝ። አባቴ የሆስፒታል ሠራተኛ ነው፤ ቤታችን ጎድሎ አያውቅም። ጎንደርን አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያ ቀን ተረከዙ ረዘም ያለ ጫማ አድርጌ መጋዘን ስገባ፣ አንገቷን የተነቀሰች ረዥም ሴትዮ ከእግሬ ጀምራ ወደላይ አየችኝና፣ "ምነው ልጄ፣ የሰርጉ ቤት ጠፋሽ?" አለችኝ። ለቃሚው ሁሉ ሳቀ።

"እርስዎ ማን ነዎት?" አልኳት ኮስተር ብዬ።

"ኧረ እርስዎ አትበይኝ! ገና ባል አገባ ይሆናል፣ ምነው ገበያዬን ትዘጊብኛለሽ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ ነው የምላት። እናቴ በዕድሜ እንደምትበልጣት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እሷ ናት የፈቀደችው።

ወሬ ያበዛች ለቃሚ ካለች፣ እትዬ ይርገዱ ሁለት ጣቷን ታጥፍና አንዲት ምስር ትፈነጥርባታለች። ስታ አታውቅም፤ ግንባር ላይ ነው የምታሳርፋት። አስተዳዳሪያችን ጓድ ሙላት አንድ ጊዜ መጋዘን መጥተው ስለ ምርታማነት ንግግር ሲያረዝሙ፣ አንዲት ምስር በጆሯቸው ሥር ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷን ዞር ብዬ ሳያት ሰፌዷ ላይ አቀርቅራ ነበር። ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኩሩ ናት። ይህን ሳልነግራችሁ ካለፍኩ የቀረው አይገባችሁም። ጠዋት ስትመጣ ነጠላዋን አውልቃ ምሰሶው ላይ ካለ ምስማር ታንጠለጥለዋለች፣ በላዩ ላይ አሮጌ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስትቅም ትውላለች። ሲመሽ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ግን ፒያሳ ላይ ያገኛት ሰው ከቅዳሴ የተመለሰች የባላባት ልጅ ናት ይላል እንጂ ምስር ስትለቅም ዋለች አይልም። ምሳ ሲሆን ሴቶቹ ያላቸውን አንድ ላይ ዘርግተው ነው የሚበሉት። እሷ መጀመሪያ ታጎርሳለች። አንዷን ታጎርሳለች፣ ሌላዋን ታጎርሳለች፣ እኔ በዚያ ካለፍኩ እኔን ጠርታ ታጎርሳለች። ራሷ ስትበላ ትዝ አይለኝም።

ቤቷ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ያለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። በሩ መንገዱን ስለሚያይ በዚያ ያለፈ ሁሉ፣ "ግቡ እንጂ! ምነው የሰው በር እየረገጣችሁ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ?" ይባላል። የሰፈሩ ሰው፣ "በረከት ይግባ፣ እንዲያው እየቸኮልን ነው" ይላል። ሁልጊዜ እየቸኮለ ነው የሚያልፈው። ያኔ ይህን ሳይ የሰፈሩ ሰው ሥራ ይበዛበታል ብዬ ነበር የማስበው። እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

የለቃሚዎቹ ክፍያ የቀን ነው። ማኪና ከዘገየ፣ ዝናብ መንገድ ከዘጋ፣ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። የሠሩበት ቀን የሚያገኙትም ዝቅተኛ ከተባለው ፈቀቅ አይልም። ሴቶቹ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ማመልከቻ አስገቡ። ማመልከቻው አጭር ነበር፤ ዝቅተኛው ደሞዝ የሚያኖር ይሁንልን፣ ነው የሚለው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ጓድ ሙላት ሰብሳቢ፣ የሒሳብ ክፍሉ አቶ ዘለቀ አባል፣ እኔ ጸሐፊ። ጸሐፊ ዝም ብሎ እንደሚጽፍ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

"ዝቅተኛ ደሞዝ መነሻ ነው" አሉ አቶ ዘለቀ። "ሰው ከዚያ ይነሳና ይሻሻላል። መነሻውን መኖሪያ አድርጉልን ማለት ትክክል አይደለም።"

"ምስር ስትለቅም የኖረች ሴት ወዴት ነው የምትሻሻለው?" አልኳቸው። "ባቄላ ወደ መልቀም?"

ጓድ ሙላት ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም እንደሳቸው ነገር አጣርተው የሚናገሩ አለቆች ብዙ አላየሁም። "እስቲ እኔ ልጠይቅሽ" አሉኝ። "ደሞዝ የሚከፈለው ለሥራው ነው ወይስ ለቤቷ? አንዷ ባሏ ይሠራል፣ አንዷ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። አንድ ሰፌድ ይዘው አንድ ዓይነት ምስር ነው የሚለቅሙት። ሁለት ዓይነት ልክፈል?"

"እንደዚያ አላልኩም። ግን ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ማታ ጦሙን ካደረ፣ ሥራው ተከፍሎበታል ማለት እንዴት ይቻላል? ነገ ተመልሳ እንድትመጣ የሚያደርጋትን ያህል እንኳ አልሰጠናትም እኮ!"

"በጀቱ ደግሞ ያው የምታውቂው ነው። ጨምሩ ካልሽኝ የተወሰኑትን ቀንሱ እያልሽኝ ነው። የምትቀነሰዋን ሄደሽ ትነግሪያታለሽ?"

አሁንም ቢጠይቁኝ ሙሉ መልስ የለኝም። ግን መልስ የለኝም ማለት ነገሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

በመጨረሻ ጓድ ሙላት፣ "ከመጨቃጨቅ ኑሯቸውን በዓይናችን እንይ" አሉ። ሸጋ ሐሳብ መሰለን። የተወሰኑ ለቃሚዎችን ቤት ልንጎበኝ፣ ከካቦዋ ልንጀምር ተስማማን። ሰው ቤት ድንገት መግባት ነውር ስለሆነ፣ ከአንድ ቀን በፊት አስነገርናት። እንግዲህ አስቀድመን መናገራችን ነው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው። ባንነግራት ግን ጨዋ ሰዎች አይደለንም።

ወቅቱ ፋሲካ ያለፈበት ነበር። ሦስታችን ቁልቁለቱን ወርደን ስንደርስ እትዬ ይርገዱ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋ ነጭ፣ ፀጉሯ በአዲስ የተሠራ። "ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ" ብላ እጅ ነሳች። ጓድ ሙላት ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ፣ "ኧረ ምን ሲደረግ!" ብላ ከለከለቻቸው።

ያቺ ክፍል ሞልታ ነበር። ሦስት ደህና ወንበር። አልጋው ላይ ዳር ዳሩ ጥልፍ ያለበት አንሶላ። መደርደሪያ ላይ ሬዲዮ፣ ያውም በኃይል የሚጮህ። የድስቱ ሽታ ከበር ነው የተቀበለን። ዶሮ! እንቁላሉ ከነቅቤው። ጠላውም ጥሩ ጠላ ነበር። እኔ እርቦኝ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ቀና ሳልል በላሁ።

ሬዲዮው ማርሽ እያሰማ ነው። ጓድ ሙላት መናገር ፈልገው ድምፃቸው አልሰማ ሲላቸው፣ "እትዬ ይርገዱ፣ ሬዲዮውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት" አሉ። እሷ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ አንዱን ነካች፣ ባሰበት። ሌላውን ነካች፣ የማናውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረ። ከዚያ ዞር አለችና በኩራት፣ "ጓድ ሙላት፣ እርስዎ ዜና ይወዳሉ ብዬ ነው እንጂ ሁልጊዜስ ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው" አለች። ነጠላዋን አውልቃ ሬዲዮው ላይ ደራርባ ጣለችበት። ድምፁ ታፈነ። ጨዋታው ቀጠለ።

"እንግዲህ እትዬ ይርገዱ፣" አሉ ጓድ ሙላት እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ "ኑሮ እንዴት ነው?"

"ተመስገን! ምን ጎደለብኝ ብላችሁ ነው? እናንተን የመሰለ ሰው ደጄን ረግጦ!"

አቶ ዘለቀ ጻፉት። እኔም ጻፍኩት።

ስንወጣ ጓድ ሙላት ዳገቱ ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ወሰዱና፣ "አሁን ሌላው ቤት ብንሄድም እንዲህ ነው የሚቸገሩልን። ሰውን ማስቸገር ነው፣ ይብቃን" አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ከጠገብኩ በኋላ ማሰብ ይከብደኛል። በሳምንቱ አቶ ዘለቀ ሪፖርቱን አረቀቁ። የሠራተኞቹ ኑሮ ሲታይ መልካም ሆኖ ተገኝቷል፣ ሠራተኛዋም የጎደለባቸው ነገር እንደሌለ በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል፣ ስለዚህ አሁን ያለው ክፍያ ያኖራል፣ ይላል።

ወሬው ግን ከሪፖርቱ ቀድሞ መጋዘን ደረሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለቃሚዎቹ መሃል ሳልፍ፣ የእትዬ ይርገዱ ጎረቤት የሆነችው የሻረግ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገድ ዘጋችብኝ። የሻረግ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

"ዶሮዬን በላችሁ፣" አለችኝ፣ "አሁን ደግሞ ደሞዜን ልትበሉ ነው?"

"የምን ዶሮ?"

"አታውቂም? እንቁላል ጣይዋን! ያ ሁሉ የገባሽበት ተማሪ ቤት ይህን አላስተማረሽም? ወንበሩስ የማን ይመስልሻል? አንሶላውስ? ጎረቤት ሁሉ ተራቁቶ ነው እኮ እሷ የለበሰችው!"

ቀጥ ብዬ ወደ እትዬ ይርገዱ ሄድኩ። ለብቻዋ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለካ ሴቶቹ ካኮረፏት ሰንብተዋል።

"ምን ነካሽ?" አልኳት። "ለምን እንዲህ አደረግሽ? ያለሽን ብታሳይን ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር!"

"ምን ላሳይሽ? ባዶ ድስት?"

"አዎ! ባዶ ድስት!"

ቀና ብላ አየችኝ። ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም። "ሦስት ሰው፣ ያውም አለቃዬ፣ በር ድረስ መጥቶ ባዶ ድስት ላሳይ? ምነው ልጄ፣ እኔ የሰው ልጅ አይደለሁም?"

"እንግዲያው ሄደሽ ለጓድ ሙላት ተናገሪ። የሰው ዕቃ ነው በይ።"

"አልልም።"

"እትዬ!"

"አልልም አልኩሽ። ድብ ባሕር አባቴ ቤት መንገደኛ ሳይበላ አያልፍም ነበር። ባሌ ሞቶ ወደ ከተማ ስወርድ ይዤ የመጣሁት ይችን ስሜን ብቻ ነው። አንች ገመና ገና አልደረሰብሽም። ሲደርስብሽ እንነጋገራለን።" ሰፌዷን አነሳች፣ በቃ፣ ሂጂ ማለቷ ነው።

ጓድ ሙላት ጋ ሮጥኩ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡና ግንባራቸውን አሹ። "ይሆናል" አሉ። "ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም። ግን ምንም አልጎደለኝም ያለችው እሷ ራሷ ናት። እኔ በጎረቤት ወሬ ሪፖርት ገልብጬ ለበላይ ብልክ ምን ይሉኛል? እሷ ቆማ ካልተናገረች የምለውጠው ነገር የለም። ቅዳሜ በስብሰባው ይነበባል፣ ከዚያ ይላካል።"

ይህንንም ለእትዬ ይርገዱ ነገርኳት። "ሸጋ" አለችኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ ድረስ ማንም ላይ ምስር አልፈነጠረችም። መጋዘኑ እንዲያ ፀጥ ብሎ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሴቶቹ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። እትዬ ይርገዱ ከኋላ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ ከአያ ቢያድግልኝ ጎን ቆማ ነበር። አቶ ዘለቀ ሪፖርቱን አነበቡ። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። የሻረግ እጇን አወጣች።

"የኛ ቤት አልታየም" አለች። "አንድ ቤት ታይቶ እንዴት ሁላችንም ደህና ነን ይባላል? እኔ ልጆቼን ጠዋት አንድ ጊዜ አብልቼ ነው የምመጣው።"

አቶ ዘለቀ ወረቀቱን አጠፉ። "እንግዲህ እህቴ፣" አሉ፣ "እትዬ ይርገዱ የሚያገኙት ከናንተ የተለየ አይደለም። ባገኙት ግን ቤታቸውን አሙቀው፣ ሬዲዮ ገዝተው፣ ሰው ጋብዘው ይኖራሉ። በዚሁ ደሞዝ እሳቸው እንዲህ ከኖሩ፣ እናንተ ችግራችሁ የደሞዝ ማነስ ሳይሆን የአያያዝ ነው። አባካኝነት ነው። ከሳቸው ብትማሩ ይሻላል።"

የሻረግ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ተዉአት!"

ሁላችንም ዞርን። እትዬ ይርገዱ ነበረች። በረድፎቹ መሃል እየተራመደች ወደፊት መጣች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረግ አደረገች።

"ጓድ ሙላት፣ አንዴ ልናገር ነው። ካቋረጣችሁኝ ዳግመኛ አልችልም።"

"ይናገሩ።"

"ያቺ ዶሮ የኔ አይደለችም። የየሻረግ ናት። እንቁላሏን እየሸጠች ነው ሳሙና የምትገዛው። ያረዱልኝ አያ ቢያድግልኝ ናቸው። ወንበሩን ከጠላ ሻጭ ነው ያመጣሁት፣ ጠላውንም በዱቤ ከሷው። አንሶላው የሙሽራ ነው፤ ከጎረቤቴ ልጅ አልጋ ላይ ገፍፌ ነው። ቅቤው ብድር ነው፣ እስከዛሬ አልመለስኩም። ሬዲዮው የአያ ቢያድግልኝ ነው። ለዚህ ነው መዝጋት ያቃተኝ። የኔ ጨውና ውሃው ነው። ውሃውም የቦኖ ነው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ቀና ብላ ቆማ ነበር። ለሷ ይህን ከመናገር ልብሷን አውልቃ ፒያሳን ማቋረጥ ይቀላት ነበር። እዚያ የነበርን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

"እንግዲያው ኮሚቴውን አታልለዋል" አሉ አቶ ዘለቀ።

"እኔ ቤት ኮሚቴ መቼ መጣ? እኔ ቤት የመጣው እንግዳ ነው። ጫማዬን ላውልቅ ወይ ያለ ሰው ነው የመጣው። እንግዳ 'ኑሮ እንዴት ነው?' ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል? አቶ ዘለቀ፣ በእናትዎ፣ እርስዎ ቤት ምን ይባላል?"

"ተመስገን ነዋ" አሉ አያ ቢያድግልኝ ከኋላ።

"ተመስገን ነው የሚባለው! እናንተ ጽፋችሁ ሄዳችሁ።" ወደ ሴቶቹ ዞረች፣ መልሳ ወደ ጠረጴዛው። "እነዚህን ሴቶች አባካኝ አትበሏቸው። የሚባክን ነገር ከየት መጥቶ ነው? ደሞዝ በቃ የሚባለው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ? ደጄ ሲንኳኳ ያልደነገጥኩ እንደሆነ ነው። ሌላ ሒሳብ አላውቅም። እንመጣለን ባላችሁኝ ቀን ከቤት ቤት ስሮጥ ነው ያመሸሁት። ሠርቼ እየዋልኩ፣ ሰው አክብሮኝ ሲመጣ እንደ ሌባ መግቢያ የሚያሳጣኝ ደሞዝ፣ ደሞዝ ነው? ሠርቶ ያልዋለውስ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ይሆናል?"

"ሁላችሁንም ብንጨምር በጀቱ አይበቃም፤ የግድ የተወሰነ ሰው ይቀነሳል" አሉ ጓድ ሙላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

"ቀንሱና፣ ጠጠሩን ከምስሩ ጋር ለሰው ስጡት።"

አሁን ሳቁ የእውነት መጣ። ጓድ ሙላት አልሳቁም። ተነስተው ቆሙ፣ ወረቀቱን ከአቶ ዘለቀ እጅ ወሰዱ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"ጣፍጦኝ ነበር፣ እትዬ ይርገዱ" አሉ። "ሪፖርቱ አይላክም። እንደገና ይሠራል።"

እንደገና ተሠራ። ብዙ ወራት ፈጀ፣ ብዙ ጭቅጭቅም ነበረበት። ክፍያው ከፍ አለ፤ የጠየቁትን ያህል ግን አይደለም። ማኪና ባልመጣበት ቀን ከነጭራሹ ባዶ እጅ መመለስ ቀረ። ማንም አልተቀነሰም፣ አዲስ ለቃሚ መቅጠር ግን ቆመ። ያኖራል ወይ? እኔን ከጠየቃችሁኝ አያኖርም፣ ትንሽ ያቆያል። ጓድ ሙላት ከዚህ በላይ አይቻልም ይላሉ። እኔ ይቻላል እላለሁ። እስካሁን በዚህ እንጣላለን።

የሻረግና እትዬ ይርገዱ ታረቁ። የዶሮዋን ነገር ምን እንዳደረጉት አላውቅም። ሰፈሩ ግን እንደ መጋዘኑ አልነበረም። የሙሽራዋ እናት፣ የልጄን አንሶላ በአደባባይ ጠራችው ብላ አኮረፈች። መንገድ ላይ ሥራ ፈቶች፣ "እትዬ፣ ዛሬስ ወንበሩ የማን ነው?" ይሏት ጀመር። ነጠላዋ እንደነጣ ነው፣ አካሄዷም ያው ነው። ግን በሩን ገርበብ አድርጋ መቀመጥ ጀመረች። "ግቡ እንጂ!" የሚለው ድምፅ ከዚያ መንገድ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ እስከ ቤቷ ሸኘኋት። እንደተለመደው ዝም ማለት አልቻልኩም። "ይቆጭሻል እንዴ፣ በመናገርሽ?" አልኳት።

ጀግና ናት፣ አይቆጨኝም ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

"ይቆጨኛል እንጂ! ምነው አይቆጨኝ?" አለች በሩን እየከፈተች። "ጨመሩ፣ ሸጋ ነው። የየሻረግ ልጆች ማታም ይበላሉ፣ ሸጋ ነው። ግን ልጄ፣ የጤፉን ዋጋ እነሱም ያውቁት ነበር፤ የሚከፍሉንንም ያውቁት ነበር። ሁለቱን ማስተያየት አቅቷቸው ነው እኔ ሆዴን ገልጬ ያሳየሁት? አሁንም ደግመሽ ብትጠይቂኝ እናገራለሁ። ይቆጨኛል ደግሞ። ሁለቱም እውነት ነው።" ከዚያ በሩን ይዛ ቆመችና፣ "ግቢ" አለችኝ። "ሽሮ አለ። ሌላ ነገር የለም።"

ገባሁ። ያን ቀን አልቸኮልኩም።

ዘንድሮ የክፍያው ጥናት እንደገና ተነስቷል፤ ይህኛው በኔ እጅ ነው። ከአያ ቢያድግልኝ ወሬውን በሰማሁ ማግስት ጓድ ሙላት ቢሮ ጠሩኝ። እሳቸውም ቀብር ሄደው ነበር፣ ዓይናቸው ደፍርሷል። ወንበር ሰጡኝና፣ "እንግዲህ እንጀምር። በማን ቤት እንጀምር?" አሉኝ።

"በማንም" አልኳቸው። "ማንም ቤት አንሄድም። ቅዳሜ ገበያ ነው የምንወጣው፣ እርስዎ፣ እኔና አቶ ዘለቀ፣ የአንድ ለቃሚ ደሞዝ ይዘን። ዘንቢል ይያዙ።"